አልጋውን ማን አነጠፈው? ሁለት ሌሊት በካርተን ሃውስ

(ደብሊን ውስጥ በአበሻ ማኅበረሰብ የቅዳሜ ቡና ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። አቦሉ ተጠጥቷል። ቶናው እስኪደርስ ልጀምርና በረካው ላይ እጨርሳለሁ።

እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ በዚህ አገር የመጀመሪያ ሥራችሁ ሆቴል ነበር። የእኔም እንደዚያው። ክፍል አጽጂ ነበርኩ። በቀን 16 ክፍል። አንሶላ መቀየር፣ መታጠቢያ ቤት መፈተግ፣ ምንጣፍ መጥረግ፣ ሻይና ስኳሩን መሙላት። ለአንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት እንኳ አይደርሰኝም። የሆቴሉን ስም መጥራት አልፈልግም። ግን በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ፣ ካነጠፍኳቸው በሺህ የሚቆጠሩ አልጋዎች አንዱ ላይ እንኳ ጎኔን አሳርፌ አላውቅም። ክልክል ነው። ባይከለከልስ ጊዜው የት አለ?

ባለፈው ሰኔ እኔና ባለቤቴ ከተጋባን 20 ዓመት ሞላን። ልጆቻችን ተመካክረው፣ ከየደመወዛቸው አዋጥተው፣ ሁለት ሌሊት ካርተን ሃውስ አስያዙልን። ካርተን የአይርላንድ መሳፍንት ቤት ነበር። ከ2006 ጀምሮ ሆቴል ነው። እኔ መጀመሪያ ደስም አላለኝ። «ገንዘቡን ለምን አትሰጡንም» ብዬ ነበር። ዛሬ የቆምኩት ግን ስለ እነዚያ ሁለት ሌሊቶች ላወራችሁ ነው። ከእናንተም አንዳንዶቻችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። ስትሄዱ ደግሞ አውቃችሁ እንድትሄዱ።

ካርተን ከደብሊን በስተምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ኪልዴር ካውንቲ ውስጥ፣ ሜይኑዝ ከምትባለው ከተማ አጠገብ። መኪና አልያዝንም፤ ደብሊን ካለው ከኮኖሊ ጣቢያ በባቡር ሄድን። እንደዚያ በመሄዳችን በጣም ደስ ብሎኛል። እንዲህ ያለ ቤት በእግሩ የገባ ሰው የሚያየውን፣ በመኪና የገባ አያየውም።

የሜይኑዝ ዋና መንገድ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው። በአንደኛው ጫፍ፣ በምዕራብ በኩል፣ የፈረሰ ግንብ ቆሟል። የፊትዝጄራልዶች ግንብ ነው። እነዚህ ሰዎች ከኖርማኖች ጋር በ1169 ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው (የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ግንቡን በ1200 ገደማ ሠሩት። እያደር የኪልዴር ጌቶች ሆኑ። አልፎም አይርላንድን በእንግሊዝ ንጉሥ ስም እስከ መግዛት ደረሱ።

ከዚያ በ1534 ወጣቱ ቶማስ ፊትዝጄራልድ በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ላይ ሸፈተ። ተከታዮቹ ራስ ቁራቸው ላይ የሐር ክር ያስሩ ስለነበር «ባለሐሩ ቶማስ» ይሉታል። በዓመቱ የንጉሡ ጦር መጥቶ ግንቡን በመድፍ ደበደበው። ውስጥ የነበሩት ምሕረት እናገኛለን ብለው እጃቸውን ሰጡ። አብዛኞቹ ተገደሉ። ይኼ «የሜይኑዝ ምሕረት» ተብሎ በታሪክ ቀረ። ቶማስ ራሱም ከአምስት አጎቶቹ ጋር በ1537 ለንደን ላይ ተገደለ። አንድ ትንሽ ወንድሙ ብቻ፣ 10 ዓመት ገደማ የሆነው፣ ከቤት ቤት እየተደበቀ ኖሮ በመጨረሻ ጣሊያን ገባ። ዘሩ የቀጠለው በእርሱ ነው።

ግንቡ ሥር ትንሽ ቆምን። ባለቤቴ ድንጋዩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ከዚያ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ መልሰን መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድንበት። በወዲያኛው ጫፍ ግራና ቀኝ የሊንደን ዛፍ የተሰለፈበት ረጅም የእግር መንገድ ይጀምራል። ካርተን አቬኑ ይሉታል። በአንድ በኩል የተሸነፈው ግንብ፣ በሌላው በኩል ወደ አዲሱ ቤት የሚወስደው መንገድ። ከተማዋን በ18ኛው መቶ ዘመን እንዲህ አድርገው ያስቀየሷት ራሳቸው ፊትዝጄራልዶች ናቸው። ከተማው በሙሉ የአንድ ቤት ደጃፍ ነበር ማለት ይቻላል።

ዛፎቹ ሲያልቁ አጥሩ ይመጣል። በድንጋይ የተካበ፣ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ አጥር። ግቢውን ሲዞረው ወደ 8 ኪሎ ሜትር ነው። ውስጡ 1,100 ኤከር። በእኛ ልኬት 11 ጋሻ ግድም። ይኼ ግን ጓሮው ብቻ ነው። በ1870ዎቹ የቤቱ ጌታ፣ የሌንስተር መስፍን የሚባለው ፊትዝጄራልድ፣ በኪልዴር ብቻ ከ65,000 ኤከር በላይ መሬት ነበረው። ከ650 ጋሻ በላይ ማለት ነው። ሌላው ሁሉ የመስፍኑ ጭሰኛ ነበር። «ጭሰኛ» የሚለውን ቃል ሰምታችሁ ዝም ብላችሁ አታልፉትም። አያቴ ጭሰኛ ነበሩ። አጥሩን በእጄ እየዳሰስኩ ስሄድ የመጡብኝ እርሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ቤቱ ልግባ። ግራጫ ድንጋይ ነው። ከሩቅ ሲታይ ኮስተር ያለ። አሁን ወዳለው መልክ መለወጥ የጀመረው በ1739 ነው። 19ኛው የኪልዴር ኧርል (ኧርል የመኳንንት ማዕረግ ነው) ሮበርት ፊትዝጄራልድ፣ ሪቻርድ ካስል የሚባለውን ጀርመን የተወለደ አርክቴክት ቀጥሮ አሠራው። ይኼው ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ደብሊን ውስጥ ለዚሁ ቤተሰብ የከተማ ቤት ሠራላቸው። ያንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሌንስተር ሃውስ ነው፤ ዛሬ የአይርላንድ ፓርላማ የሚሰበሰብበት።

ውስጥ ስትገቡ ዝንጀሮ ፈልጉ። ቀልድ አይደለም። የፊትዝጄራልዶች ዓርማ ዝንጀሮ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ተረት አላቸው። በድሮ ዘመን ቤታቸው ሲቃጠል ሕፃኑ ውስጥ ተረሳ፤ ለማዳ ዝንጀሯቸው አቅፎ አወጣው፤ ያ ሕፃን አድጎ የመጀመሪያው የኪልዴር ኧርል ሆነ። እኔ ይኼን ተረት በጣም ወደድኩት። እንዲህ ያለ ትልቅ ቤተሰብ፣ አንበሳና ንስር እያለ፣ ሕፃን ያቀፈ ዝንጀሮ ዓርማ ሲያደርግ ደስ ይላል።

ወርቃማው ሳሎን የሚባለው ክፍል ግን ሌላ ነው። ጣሪያውን በ1739 የሠሩት ላፍራንኪኒ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ፓኦሎና ፊሊፖ። ከስዊዘርላንድ፣ ጣሊያንኛ ከሚነገርበት ወገን የመጡ። የጥንት አማልክት ሲተጫጩ በኖራና በጄሶ ቀርጸው፣ ጣሪያው ላይ አስቀምጠዋቸዋል። እግራቸው ከጣሪያው ጠርዝ ወጥቶ አየር ላይ ይንጠለጠላል። አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ አየሁት። አንድ ሕፃን መልአክ የሚመስል፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ እግሩን እንደሚያወዛውዝ ሆኖ አገኘሁት። የቤቴ ልጅ ሶፋ ላይ እንደሚቀመጠው።

እዚህ ቤት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ጎልታ የምትታየው ኤሚሊ ናት። ኤሚሊ ሌኖክስ። በ1747፣ በ15 ዓመቷ፣ የሮበርትን ልጅ ጄምስን አገባች። 22 ልጅ ወለደች። 19 ከጄምስ፣ ከእርሱ ሞት በኋላ ደግሞ 3 ከልጆቿ አስተማሪ፤ አስተማሪውን አገባችው። ግቢውን ያሳመረችው እርሷ ናት። ከቻይና የመጣ ባለሥዕል ወረቀት ቆርጣ ቆርጣ ግድግዳ ላይ የለጠፈችበት ክፍል እስከ ዛሬ አለ። ሐይቁ ዳር ውስጧን በሙሉ በባሕር ዛጎል ያስጌጠቻት ጎጆም አለች። ዛጎሎቹን አንድ በአንድ ለመለጠፍ ስንት ቀን ይፈጃል? ባልዋ በበኩሉ ለቤቱ ሠራተኞች ዝርዝር ደንብ ጽፎ ነበር። ደንቡ አልጠፋም፤ ዛሬም ይነበባል። አንድ ቤት በደንብ ሲያዝ እነማን በስንት ሰዓት እንደሚነሱ የሚያውቅ ሰው፣ እነዚያን ክፍሎች ዝም ብሎ አያያቸውም።

እኛ ያደርነው በኋላ ከተሠሩት ክፍሎች ባንዱ ነው። ይኼን ልንገራችሁ፣ ስትይዙ እንዳትሳሳቱ። አብዛኛው የሆቴሉ ክፍል አሮጌው ቤት ውስጥ አይደለም። አሮጌው ቤት ውስጥ ማደር ከፈለጋችሁ ስትይዙ ለይታችሁ ጠይቁ። ዋጋው ይለያያል። ሳሎኖቹን ግን የትም ብታድሩ ገብታችሁ መቀመጥ ትችላላችሁ።

ክፍላችን ስንገባ ባለቤቴ ወደ መስኮቱ ሄደ። እኔ ወደ አልጋው። የአንሶላውን ጥግ ገልጬ አየሁ። ፖስታ እንደሚታጠፍ ታጥፎ፣ ተወጥሮ፣ ፍራሹ ሥር ገብቷል። የትራሱ ልብስ አፉ ከበሩ ወዲያ ዞሯል። ሥራውን የማያውቅ ሰው ይኼን አያየውም። አፉ ወደ በሩ ከዞረ ገና ስትገባ ውስጡ ይታይሃል፤ ተቆጣጣሪዋ መጥታ ታስፈታሃለች። ምንጣፉ ላይ የቫክዩሙ መስመር ከውስጥ ወደ በር እየተሳበ ወጥቷል፤ አንድም የእግር ዱካ የለበትም። ወደ ኋላ እየሄደች ነው የጠረገችው። የእኔም አለቃ እንደዚያ ነበር ያስተማረችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተጋደምኩ። ባለቤቴ ዞር ሲል እያለቀስኩ ነበር። «ምን ሆነሽ?» አለኝ። ምን እንደምለው አላወቅሁም።

ቶናው መጥቷል፤ ጠጡ፣ እኔ ልቀጥል። አሁን የምነግራችሁ ስለ አንድ ሰው ነው። ለእርሱ ብዬ ነው ይኼን ሁሉ መንገድ ያመጣኋችሁ።

ስሙ ቶኒ ስሞል ነው። ጥቁር ነበር። አሜሪካ ውስጥ፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ ከባርነት ያመለጠ ሰው። በመስከረም 1781 ዩታው ስፕሪንግስ በሚባል ቦታ እንግሊዞችና አሜሪካኖች ተዋጉ። ውጊያው ሲያበቃ፣ ቶኒ ሜዳ ላይ ወድቆ ደም የሚፈሰው አንድ የእንግሊዝ መኮንን አገኘ። ገና 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ። አንስቶ ተሸከመው። ወደ ጎጆው ወስዶ ቁስሉን እያጠበ፣ እያበላ አስታመመው። ልጁ ዳነ። ያ ልጅ የኤሚሊ ልጅ ነበር። ሎርድ ኤድዋርድ ፊትዝጄራልድ።

ኤድዋርድ ቶኒን ይዞት ሄደ። በደመወዝ ቀጠረው። ከዚያ በኋላ አልተለያዩም። አይርላንድ አብረው መጡ። ካናዳ አብረው ሄዱ፤ በ1789 በበረዶ ውስጥ ደን ሰንጥቀው ኩቤክ ገቡ። ኤድዋርድ ለእናቱ በሚጽፈው ደብዳቤ ስሙን ደጋግሞ ያነሳል፤ «ታማኙ ቶኒ» ይለዋል። ሥዕሉን በ1786 ገደማ አስሏል። በዚያ ዘመን የመስፍን ልጅ የአሽከሩን መልክ በሠዓሊ ማስሳል የተለመደ ነገር አልነበረም።

አሽከርና ጌታ ነበሩ፤ ይኼን አልሸፍነውም። ወዳጅነታቸውን የምናውቀው በአንዱ ወገን ደብዳቤ ነው። ቶኒ በራሱ እጅ የጻፈው ቢኖር ኖሮ ምን ይለን ነበር? እኔ ግን ቶኒን ሳስብ አሽከርነቱ አይደለም የሚታየኝ። ከባርነት ያመለጠ፣ ራሱ ገና የሚታደን ሰው፣ የወደቀ ነጭ መኮንን አይቶ ማለፍ ይችል ነበር። አላለፈም።

ኤድዋርድ እየቆየ ሐሳቡ ተለወጠ። በ1792 ፓሪስ ሄዶ የመኳንንት ማዕረጉን በአደባባይ ተወ። ከእንግሊዝ ጦር ተባረረ። አይርላንድ ተመልሶ፣ አገሪቱን ከእንግሊዝ አገዛዝ ለማላቀቅ በተነሳው፣ የተባበሩት አይሪሾች በሚባለው ማኅበር ውስጥ የአመፁ መሪ ሆነ። በ1798 ሊይዙት ሲያስሱት ደብሊን ውስጥ ከቤት ቤት ተደበቀ። ሚስቱም ወዳጆቹም በጭንቅ ላይ ነበሩ። ቶኒ ግን ሊጠይቀው መሄድ አልቻለም። ለምን? በመልኩ። ጥቁር ሰው በዚያ ጊዜ ደብሊን ውስጥ ብርቅ ነው፤ የኤድዋርድ ሰው መሆኑንም ከተማው ያውቃል። ቶኒ የገባበት ቤት ሁሉ ይጋለጣል። በዚህ በጣም ይቃጠል እንደነበር ተጽፏል።

እስቲ አስቡት። ሰውየውን በጀርባው ተሸክሞ ያዳነ ሰው፣ አሁን ሊያድነው የሚችለው ባለመሄድ ብቻ ነው። የእኛም መልክ እዚህ ከተማ ውስጥ ቀድሞን እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ስትገቡ ዞር የሚሉ ዓይኖችን ታውቋቸዋላችሁ። ቶኒ ከ200 ዓመት በላይ ቀድሞን ያንን ዓይን አውቆታል።

ግንቦት 19 ቀን 1798 ቶማስ ስትሪት ላይ ኤድዋርድን ከተደበቀበት ቤት ያዙት። ትግል ሆነ፤ ትከሻው ላይ ተመታ። ሰኔ 4 ቀን እስር ቤት ውስጥ በቁስሉ ሞተ። ቶማስ ስትሪት ከዚህ አዳራሽ ሩቅ አይደለም። ብዙዎቻችን በአውቶቡስ እናልፍበታለን።

በሁለተኛው ምሽት ቤቱ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ወንበር ስበን ተቀመጥን። በሰኔ እዚህ አገር ፀሐይ የምትገባው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ መሆኑን ታውቃላችሁ። ብርሃኑ አያልቅም። ሐይቁ ከታች ይታያል። ራይ ዋተር የሚባለውን ወንዝ ገድበው ነው የሠሩት። ባለቤቴ ዝም ብሎ ነበር። ቆይቶ «ንግሥቲቱ እዚህ ነው የመጣችው አይደል?» አለኝ። ስለ ንግሥት ቪክቶሪያ ነው።

አዎ፤ ነሐሴ 1849። ዓመቱን ልብ በሉ። በ1845 የድንች በሽታ ገባ። ድሃው የሚበላው ድንች ብቻ ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በበሽታ አለቀ። ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል አገር ጥሎ ተሰደደ። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝብ በ1851 ሲቆጠር 6.5 ሚሊዮን ግድም ሆኖ ተገኘ። ይኼ ሁሉ ሲሆን እህልና ከብት በመርከብ እየተጫነ ወደ እንግሊዝ ይሄድ ነበር። ረሃቡ ገና ሳይወጣ ንግሥቲቱ ካርተን መጣች፤ መናፈሻውን በእግሯ ዞረች፤ የአገሩ ሰዎች ሙዚቃ እየተመታላቸው ጨፈሩላት። ኪልዴር እንደ ምዕራቡ አገር አልተመታችም። ቢሆንም እኛ ቡና ይዘን የተቀመጥንበት ሣር ያው ሣር ነው።

እዚህ ላይ የእኛና የእነርሱ ታሪክ ይገናኛል። ስትመጡ አላጋጠማችሁም? ዕድሜያቸው ገፋ ያለ አይሪሾች «ከኢትዮጵያ ነኝ» ስትሏቸው ፊታቸው ይለወጣል። የእኔ ጎረቤት ሴትዮ በትምህርት ቤታቸው ለእኛ ሳንቲም ያጠራቅሙ እንደነበር ነገረችኝ። ኮንሰርን የሚባለው የአይርላንድ ድርጅት ኢትዮጵያ የገባው በ1973፣ በወሎው ረሃብ ጊዜ ነው። ድሮ በዚህ ነገር አፍር ነበር፤ አገሬ በረሃብ ስትነሳ አንገቴን እደፋ ነበር። ካርተን ሄጄ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሴትዮዋ ስታየኝ ያዘነችልኝ ብቻ አይደለም። የራሷን ቅድመ አያት እያስታወሰች ነው። ከዚያ ወዲህ አላፍርም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1903 የዊንደም ሕግ ወጣ። መንግሥት ለጭሰኛው ብድር ሰጠው፤ ከ68 ዓመት በላይ የሚከፈል ብድር። ጭሰኛው የሚያርሰውን መሬት ከመኳንንቱ ገዛ። የሌንስተሩ መስፍንም ሰፊውን መሬቱን በዚሁ ሸጠ። እኛ አገር «መሬት ላራሹ» ተብሎ ሰው የሞተለት ነገር እዚህ በብድር ውል አለቀ ብላችሁ እንዳታስቡ። ከዚያ በፊት ብዙ ደም ፈሷል፤ ብዙ ሰው ከቤቱ ተባሯል።

ከ1920 እስከ 1923፣ በነፃነቱና በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ ከ250 በላይ የመኳንንት ቤቶች ተቃጠሉ። ካርተን አልተቃጠለም። የሚተረክ ነገር አለ። ሊያቃጥሉ የመጡት ሰዎች በር ላይ ሲደርሱ የሎርድ ኤድዋርድን ሥዕል አወጡላቸው፣ «ለአይርላንድ የሞተው የዚህ ቤት ልጅ ነው» ተባሉ፣ ተመልሰው ሄዱ ይባላል። ተረት ይሁን እውነት፣ የአካባቢው ሰው ይወደዋል። እኔ ግን ስሰማው ወዲያው ሌላ ነገር አሰብኩ። ኤድዋርድ ያን ዕድሜ ያገኘው በማን ትከሻ ነው?

ቤቱ ከእሳት ቢተርፍም ከቤተሰቡ እጅ ወጣ። የመጨረሻው ልጅ ቁማርተኛ ነበር። እርሱም ስሙ ኤድዋርድ ነው። ሁለት ታላላቅ ወንድሞች ስለነበሩት መስፍን እሆናለሁ ብሎ አላሰበም። ስለዚህ የውርስ መብቱን ለአንድ የእንግሊዝ ባለጠጋ ሸጠው፤ ሰውየው ዕዳውን ከፈለለት፣ በዓመትም ተቆራጭ አደረገለት። ከዚያ አንዱ ወንድሙ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞተ። ታላቁም ታሞ በ1922 አረፈ። ቁማርተኛው መስፍን ሆነ፤ ቤቱ ግን የእርሱ አይደለም። በ1976 ለንደን ውስጥ ባንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ሕይወቱ አለፈ። 700 ዓመት የተከማቸ ነገር በአንድ ሰው እጅ እንዲህ ሲበተን ያሳዝናል። አዎ፣ ያሳዝናል። ለጭሰኛው ያዘንኩ ለእርሱም አዝኛለሁ።

አንዳንድ ወዳጆቼ «እንዲህ ያለ የግፍ ቤት ገብተሽ ገንዘብሽን ትከፍያለሽ?» ብለውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ የማስበው እንዲህ ነው። አጥሩ የተሠራው እንደ አያቴ ያለ ሰው እንዳይገባ ነው። ዛሬ እኔ በበሩ ገብቼ አድሬበታለሁ። ቤቱ ቢቃጠል ኖሮ ቶኒን እዚያ ሣር ላይ ቁጭ ብዬ አላስበውም ነበር። ቤቱ ይቁም። ግን ሙሉው ይነገር። ጣሪያውን የሠሩት ወንድማማቾች ስማቸው ከተጠራ፣ እሳቱን ያነደዱት፣ አንሶላውን ያጠቡትም ይነሱ። አስጎብኚ ስታገኙ ጠይቁ። «ሠራተኞቹ የት ነበር የሚያድሩት?» በሉ። «ቶኒ ስሞልን ታውቀዋለህ?» በሉ። ጠያቂ ሲበዛ መልሱ መነገር ይጀምራል።

አሁን ለምትሄዱት ጥቂት የሚጠቅም ነገር። እኛ የሄድነው በሐዋርያት ጾም ነበር። የአይርላንድ ቁርስ ለጾመኛ አስቸጋሪ ነው። ቤከን፣ ቋሊማ፣ እንቁላል። ብላክ ፑዲንግ የሚሉት ጥቁር ክብ ነገር በደም የተሠራ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያውቅ ያነሳዋል። ቡናማው የሶዳ ዳቦ ጾም ይመስላል፤ ግን በአሬራ ነው የሚቦካው። ማታውኑ ለአስተናጋጁ ነግሬ ስለነበር በአጃ ወተት የተሠራ ገንፎ አመጡልን። እንደ እናቴ አጥሚት ሞቅ ያለ። ከእንጉዳይና ከቲማቲም ጋር ጥሩ ቁርስ ሆነን። ፍስክ ከሆነ ደግሞ የከሰዓቱ ሻይ አያምልጣችሁ። አዳር ካቃታችሁ ለሻይ ብቻ መሄድ ይቻላል፤ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ያዙ። ቅዳሜና እሑድ ውድ ነው፤ በብርዱ ወራት መካከል፣ በሥራ ቀን፣ በጣም ይረክሳል። ጎልፍ የሚጫወት ካለ ሁለት ሜዳ አላቸው፤ ስለ እርሱ እኔን አትጠይቁኝ። የዝናብ ጫማ አትርሱ።

በመጨረሻው ጠዋት ሻንጣችንን ዘጋን። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። እኔ የትራስ ልብሶቹን አውልቄ አንዱ ውስጥ ከተትኳቸው። አንሶላዎቹን ከአራቱም ጥግ ፈትቼ መሐል ላይ ጠቀለልኩ። ፎጣውን ሰብስቤ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አደረግሁ። መስኮቱን ከፈትኩ። «ተይው እንጂ፣ ከፍለንበታል» አለኝ ባለቤቴ። አልተውኩትም። ትንሽ ገንዘብ በወረቀት ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

ስንወጣ አጽጂዋ ጋሪዋን እየገፋች ደረሰች። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ሰላም ተባባልን። በተከፈተው በር አልጋውን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ፈገግ አለችና «የት ሆቴል ነበርሽ?» አለችኝ። ነገርኳት። እዚያው በሩ ላይ ቆመን ትንሽ ተጨዋወትን። ብዙ አላቆምኳትም፤ ገና ዘጠኝ ክፍል ይቀራት ነበር።